ትርፍን ምን ነካው?

ሶፋ ሠሪውና አማቱ በአንድ ግቢ መኖር ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተነጋገሩት ቢጠራቀም ግን አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም ነበር። ተጣልተው አይደለም፤ ጠብማ ቢሆን እርቅ አለው። የእነሱ ነገር መከባበር ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ብድግ ይላል፤ «ይቀመጡ»፣ «ኧረ ተቀመጥ» ይባባላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ወግ የምታመጣላቸው የአንዱ ልጅ የሌላው ሚስት የሆነችው አዋላጅ ነርስ ነበረች። ባሏን «አባባ ክፍሉ ይበርደዋል፤ መስኮቱን እይለት» ትለዋለች። አባቷን ደግሞ «መስኮቱን ያበጀልህ እሱ ነው፤ አመስግነው እንጂ» ትላቸዋለች። እንዲህ ስትመላለስ ቤቱ ሞቅ ይላል። ለአንድ ወር ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ግን ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ዝምተኞችና አንድ ውሻ ሆኑ።

ውሻው ትርፍ ይባላል። አማትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት በረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌርነት ነው። ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ አንድ ቀን መናኸሪያ ገብተው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ፣ ከመጨረሻው ወንበር ሥር እፍኝ የማይሞላ ቡችላ ተኝቶ ተገኘ። ረዳታቸው አንገቱን ይዞ አወጣውና «ጋሼ፣ ለካ ትርፍ ጭነን ነው የመጣነው» አለ። በሥራ ዘመናቸው ከልክ በላይ ሰው ጭነው የማያውቁት ሹፌር ያን አንድ ትርፍ በጃኬታቸው ሸፍነው ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ሞተውባቸው ልጃቸው «ብቻህን አትቀመጥም» ብላ ስታመጣቸውም፣ አንድ ሻንጣ ይዘው፣ ትርፍን አስከትለው መጡ።

ሶፋ ሠሪው ውሻ ይጠላል ማለት አይደለም። ውሻና ሶፋ በአንድ ጣራ ሥር እንደማይስማሙ ግን ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከመንገዱ በኩል ነው፤ ስፖንጁ እስከ ኮርኒስ ተደርድሮ፣ ሞላው በጆንያ ታስሮ፣ የማስቲሹ ሽታ በሩን አልፎ ይወጣል። ትርፍ ደግሞ አዲስ የተወጠረ ጨርቅ ባየ ቁጥር ለእሱ የተነጠፈለት ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጣ በሳምንቱ ሕግ ወጣ፦ ከመሥሪያ ቤቱ ደፍ ወዲህ እንዳይሻገር። ትርፍም ሕጉን አከበረ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ሥር ተኝቶ፣ አገጩን ብቻ ደፉ ላይ አሳርፎ ይውላል።

አንድ ጠዋት ሶፋ ሠሪው ለደንበኛ የሚያደርሰውን ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ፒካፑ ላይ ጭኖ ገመዱን ሲያጠብቅ አማቱ ሲጠሩት ሰማ።

«እስቲ አንዴ ና» አሉ። ድምፃቸው ሥራ ለማዘዝ የሚጠራ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሲደርስ ትርፍ በግራ ጎኑ ወድቋል። ሊነሣ ይታገላል። የፊት እግሮቹን አንፈራጦ ግማሽ መንገድ ይደርስና መሬቱ እንደ ከዳው ሁሉ ተመልሶ ወደ ግራ ይደፋል። አንገቱ ተጣሟል፤ አንዱ ጆሮው ወደ መሬት አንዱ ወደ ሰማይ። ከሁሉ የከፋው ግን ዓይኑ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ጎን ውርውር፣ ውርውር ይላሉ፤ በሚበር አውቶቡስ መስኮት የመንገድ ዳር ምሰሶ የሚቆጥር ሰው ዓይን ይመስላሉ። አጠገቡ የተፋው አረፋ አለ።

«ማታ ደህና ነበር» አሉ አማትየው፤ ተንበርክከው ጭንቅላቱን ደግፈውታል። «ራቱን ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ እንደ ልማዱ አጥሩን ዞሮ ነው የተኛው። አሁን ስወጣ ሊቀበለኝ ብድግ አለና እንዲህ ሆነ።»

የሶፋ ሠሪው ዓይን ከውሻው አልፎ ግድግዳው ሥር ወዳሉት ቀዳዳዎች ሄደ፤ እዚያም ቀረ። ጉንዳን ስፖንጁን እየቦረቦረ ስላስመረረው ትናንት ከሰዓት በኋላ በእነዚያ ቀዳዳዎች የጉንዳን መርዝ ነስንሷል። ዱቄት ነው። ሲነሰንስ ትርፍ ወዲያ ማዶ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ነበር። «ውሻውን ለዛሬ ወደዚህ እንዳይመጣ ያድርጉት» ብሎ ለአማቱ ሊነግራቸው አስቦ፣ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተወው። ሲመሽ ደግሞ ዜና እያዩ አገኛቸውና ማቋረጥ ነውር መስሎት ገብቶ ተኛ።

ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ነገር ሲፈጠር ከእሷ የሚቀድም የለም።

«መርዝ ነው» አለች ወዲያው። «የእህቴ ውሻ ልክ እንዲህ ሆኖ ነው ያለቀው። ወተት አጠጡት።»

«ከየት አምጥቶ መርዝ ይበላል? ከግቢ አይወጣ» አሉ አማትየው።

ሶፋ ሠሪው ወደ መሥሪያ ቤቱ ገባ። ቅርጫት ውስጥ የጣለውን የመርዙን ባዶ ከረጢት አንሥቶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ለምን እንዳነሣው ራሱም አላወቀም፤ ለሐኪም ላሳይ ብሎ ይሁን፣ ሰው እንዳያይበት ብሎ ይሁን። ተመልሶ ወጣና «ሐኪም ጋ እንውሰደው አባባ» አለ።

ችግሩ አወሳሰዱ ነበር። የፒካፑ ጋቢና ሁለት ሰው እንጂ የጥጃ ግማሽ የሚያህል ውሻ አይችልም፤ ኋላውን ደግሞ ሶፋው ሞልቶታል። ሶፋውን እንዳያወርዱ ጊዜ የለም፤ ትርፍ እንደገና አስመለሰው።

«ሶፋው ላይ እናስተኛው» አለ ሶፋ ሠሪው።

አማትየው አዩት። «የሰው ሶፋ እኮ ነው።»

«የተሸፈነበት ላስቲክ ገና አልተነሣለትም።»

አንስተው አስተኙት። አማትየው ጎማውን ረግጠው፣ አማቻቸው ከሥር እየገፋቸው ወጡና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ጭንቅላቱንም ጭናቸው ላይ አደረጉ። ፒካፑ ከግቢ ሲወጣ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ከነባርኔጣቸው አዲስ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ውሻቸውን ታቅፈው፣ እንደ ሹመኛ በከተማው መሃል ያልፋሉ። የሚስቀው ሳቀ። አማትየው ግን ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። የጋቢናውን የኋላ መስኮት በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ።

«ጉድጓድ አለ ከፊትህ።»

«አይቼዋለሁ አባባ።»

«ካየኸው ለምን ገባህበት?»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ማርሽ ቀንስ እንጂ፤ ዳገት በፍሪሲዮን አይወጣም» ይላሉ። ሶፋ ሠሪው ማርሽ ቀነሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያበሽቀው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰው በመኖሩ ደስ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሄዱት ገበያው ዳር ካለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። በጉን በገመድ ይዞ የሚጠብቅ አለ፣ ዶሮ በቅርጫት ይዛ የተቀመጠች አለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተቀመጠ ፊቱ ይናገራል። ትርፍን እዚያው ሶፋው ላይ እንደተኛ አየው። ባትሪ ዓይኑ ላይ አበራበት፣ ልቡን አዳመጠ፣ ድዱን ገልጦ አየ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አሥራ ሦስት ሊሞላው ነው» አሉ አማትየው።

«መርዝ የሚያገኝበት ቦታ አለ?»

«የለም።»

ሶፋ ሠሪው አፉን ከፈተ። አማቱ ግን «የለም» ያሉት እንዲህ ተማምነው ነው፤ በሰው ፊት እንዴት ብሎ «አለ» ይበል? እጁ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ከረጢት ጨበጠ፤ ሳያወጣትም ቀረ።

ሐኪሙ ባትሪውን አጠፋ። «አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ይሆናል። ወይም ዕጢ ይሆናል። በዚህ ዕድሜው ብዙ የሚደረግለት ነገር የለም። እንዳይሠቃይባችሁ ከፈለጋችሁ… ማሳረፍ ይቻላል።»

«ይሆናል ነው ያልከኝ ወይስ ነው?» አሉ አማትየው።

«ይሆናል ነው።»

«ልጄ፣ እኔ በይሆናል አውቶቡስ እንኳ አቁሜ አላውቅም» አሉ፤ ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። «የያዘውን ስሙን ንገረኝና ከዚያ ስለ ማሳረፉ እንነጋገራለን።»

ወጣቱ ሐኪም አልተቀየማቸውም። ጥቂት አሰበና «እውነትዎን ነው» አለ። «እኔ እዚህ ከዚህ የበለጠ ማየት አልችልም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለው። የነርቭ በሽታ የምታውቅ ዶክተር አለች። አሁኑኑ ውሰዱት፤ እኔም እደውልላታለሁ።»

መንገዱ ረጅም ነው። ሶፋ ሠሪው እየነዳ ስልኩ ጮኸ፤ የሶፋው ባለቤት ነው። «መንገድ ላይ ነኝ» አለው፤ ይህን ያህል አልዋሸም። ወዲያው ደግሞ ሚስቱ ደወለች።

«እንዴት አላችሁ? ሰላም ናችሁ?»

«ደህና ነን።»

«አባባስ ምን እያደረገ ነው?»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። አማቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለትርፍ ፀሐዩን ከልለውለታል። «ነፋስ እየተቀበሉ ነው» አለ።

ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። አማትየው እንደመጣ አላወቁም። የትርፍን የተጣመመ ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀጥ አድርገው፣ ያዋሩታል። «ትንሽ ነው የቀረን» ይሉታል። «ይቺን ዳገት ከጨረስን ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ አያቅለሸልሽህም።» ሶፋ ሠሪው ተመልሶ መሪውን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ያለችው ከረጢት እንደ ፍም አቃጠለችው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር የመድኃኒት ውሃ ይሸታል። ዶክተሯ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ቦት ጫማ አድርጋለች፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታለች። ትርፍን ጠረጴዛ ላይ አላስወጣችውም። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አስነጥፋ አስተኛችውና ራሷም እግሯን አጣጥፋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሁን እሱ ስለማይናገር እናንተን ነው የምጠይቀው» አለች። «ሁሉንም ንገሩኝ። ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ለእኔ ተዉት።»

መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። አማትየው አንድ በአንድ መለሱ።

«ግቢያችሁ ውስጥ የተረጨ ነገር አለ? የጉንዳን፣ የአይጥ፣ እንደዚህ ዓይነት?»

«አይ፣ የለ…»

«አለ» አለ ሶፋ ሠሪው።

አማትየው ዞር አሉ። እሱ ግን ወደ እሳቸው አላየም። ከረጢቷን ከኪሱ አውጥቶ ለዶክተሯ ሰጣትና በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ግድግዳው ሥር፣ እሱ የሚተኛበት ቦታ አጠገብ። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ጠዋትም እያወቅኩ ዝም አልኩ። የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ…»

ዶክተሯ በከረጢቷ ላይ የተጻፈውን አነበበች። «ይዘኸው መምጣትህ ጥሩ ነው» አለች። ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ፤ አማትየው ናቸው።

«እኔም አንድ ነገር አለኝ» አሉ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞሩታል። «ሰሞኑን ጆሮውን ያክ ነበር። ለእኔ ጆሮ የታዘዘልኝ ጠብታ ተርፎ ነበርና… ከትናንት ወዲያ አንጠባጠብኩለት። ትናንትም ደገምኩ። ከጠዋት ጀምሮ በልቤ ‹በጆሮው በኩል አንጎሉን አቃጠልኩት› እያልኩ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩ።»

ዶክተሯ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየች። ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። «እሺ» አለች። «እንግዲህ ጥፋተኛ ካለ አብረን እናገኘዋለን።»

ከዚያ ቀስ ብላ ሥራዋን ጀመረች፤ እያደረገች የምታደርገውን ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ ሆዱ ሥር ይዛ አቆመችውና የአንዱን እግር መዳፍ ገልብጣ ጀርባውን ወለሉ ላይ አሳረፈችው። ትርፍ እየተንገዳገደም ቢሆን ወዲያው መዳፉን መልሶ አቃናው። አራቱንም እግሮቹን ሞከረች፤ አራቱንም አቃና።

«አያችሁ? እግሩ የት እንዳለ ያውቃል። አንጎሉ ታሞ ቢሆን ኖሮ ይቺን ነገር ይረሳት ነበር።»

ዓይኑን አየች። «ወደ ጎን ነው የሚወረወረው፣ ወደ ላይና ወደ ታች አይደለም። ይኼም ደግ ነው።» ጡንቻውን ዳሰሰች፣ ከንፈሩን ገልጣ አየች። «ያ ዱቄት ገብቶበት ቢሆን ምራቁ ይዝረበረብ ነበር፣ ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምንም የለበትም።» በመጨረሻ ጆሮው ውስጥ በመሣሪያ አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች።

«ታምቡሩ ደህና ነው» አለች። «ጠብታው አልፎ አልገባም። ሁለተኛ ግን የሰው መድኃኒት እንዳይሰጡት።»

«ከእንግዲህማ ለራሴም አላንጠባጥብ» አሉ አማትየው።

ደም ቀዳችና ውጤቱ እስኪደርስ ውጭ እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው የፈረስ ሰኮና ሥዕል የተለጠፈበት ግድግዳ አለ። እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ አማትየው፣ ዓይናቸውን ከሰኮናው ሳይነቅሉ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«ልነግርዎት ነበር። ማታ ዜና እያዩ ደረስኩ። ዜና ስለሚወዱ ላቋርጥዎት አልፈለግኩም።»

«እኔ?» አሉ። «ዜናውን እኮ የምከፍተው ዝም ብለን ከምንፋጠጥ ብዬ ነው።»

ሶፋ ሠሪው ዞሮ አያቸው። «እኔ ደግሞ እርስዎ ይሰሙ ብዬ ድምፄን አጥፍቼ ነው የምቀመጠው።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ።»

አማትየው መሳቅ ጀመሩ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያነቃንቅ ሳቅ ነው። ሶፋ ሠሪውም ሊችል አልቻለም። ዶሮ ይዛ ያለፈች አንዲት ሴት ሁለቱን አይታ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ምን ያስቃል በሚል ዓይነት ገረመመቻቸው።

ሳቁ ሲበርድላቸው አማትየው «ዝም ያልኩህ ስለማላምንህ አይደለም» አሉ። «ሰው ቤት ያለ ሽማግሌ ነገር ማብዛት የለበትም ብዬ ነው። ጠብታውንም የደበቅኩህ፣ ‹እኚህ ሰውዬ ያለ ዕውቀታቸው› እንዳትለኝ ነው።»

«የሰው ቤት አይደለም እኮ አባባ።»

«እሱን አሁን ገና ነገርከኝ» አሉ።

ዶክተሯ ወጥታ ከፊታቸው ቆመች። «ደሙ ጥሩ ነው። ለዕድሜው እንዲያውም በጣም ጥሩ» አለች። «ያገኘው የሽማግሌ ውሾች ማዞር የምንለው ነው። ከጆሮ ወደ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ አካል አለ። እሱ በድንገት ይታወካል። ትርፍ አሁን ዓለም ሁሉ የምትሽከረከርበት ነው የሚመስለው። ማዕበል ላይ እንዳለ ጀልባ አስቡት። የሚያስመልሰውም ለዚህ ነው።»

«መንሥኤውስ?» አሉ አማትየው።

«አይታወቅም።»

«እርስዎ አያውቁትም ማለት ነው ወይስ…?»

«ማንም አያውቀውም። ደህና ያደረ ውሻ ጠዋት ሲነሣ ይይዘዋል። ማንም ሰው ምንም አላደረገውም።» ይህን ስትል ሁለቱንም ነው ያየችው። «ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ለማቅለሽለሹ መርፌ ወግቼዋለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ዓይኑ መረጋጋት መጀመር አለበት፤ እግሩ ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። አንገቱ ትንሽ እንደተጣመመ ሊቀር ይችላል። በሦስት ቀን ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ግን መልሱልኝ፤ ያኔ አንጎሉን እንመረምራለን። እርግጠኛ ነኝ አልላችሁም፤ ተስፋ አለኝ ነው የምላችሁ።»

አማትየው ባርኔጣቸውን ደፉ። «ከዚያኛው ‹ይሆናል› የእርስዎ ‹አይታወቅም› ይሻለኛል» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ሲመለሱ ሶፋውን ለባለቤቱ አደረሱለት። አማትየው ላስቲኩ ሲገፈፍ ዝም ማለት አልሆነላቸውምና «ውሻ ተኝቶበታል፤ ግን ላስቲኩ ላይ ነው» ብለው ተናዘዙ። ደንበኛው ፒካፑ ላይ፣ ከሶፋው ሥር የነበረው ስፖንጅ ተነጥፎለት የተኛውን ትርፍ አይቶ፣ ተቀምጦ ሶፋውን ሞከረና «እሱ ታሞ እንኳ ከተመቸው ለእኔማ መች ያንሰኛል» አላቸው።

እቤት እንደገቡ ሶፋ ሠሪው መቀሱን አነሣ። ወፍራም ስፖንጅ ቆርጦ፣ ዙሪያውን ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ትርፍ በየትኛውም በኩል ቢደፋ የሚደግፈው መኝታ ሠራ። ጨርቅ አለበሰው፤ ጨርቁም ከመደርደሪያው የተሻለው ነበር። ከሶፋ ሥር ከሚወጠረው ሰፊ ላስቲክ ደግሞ ሆዱ ሥር አልፎ ከላይ በእጅ የሚያዝ ማንጠልጠያ ሰፋለት። መኝታውን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ማስቲሹ ከማይሸትበት ጥግ አኖረው። አማትየው በሩ ላይ ቆመው ደፉን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ።

«ይግባ» አለ ሶፋ ሠሪው። «እዚህ ሆኖ ዓይኔ ያየዋል።»

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልቀመሰም። በሁለተኛው ቀን አማትየው በጣታቸው እያጠቀሱ ሾርባ አስላሱት፤ ግማሹን አስመለሰው። ሶፋ ሠሪው በማንጠልጠያው ይዞ ደጅ ያወጣዋል፤ ትርፍ እንደ ሰከረ ሰው በክብ ይዞራል፤ እነሱም ተከትለው ይዞራሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሶፋ ሠሪው ዓይኑን ሊያይ ጎንበስ ሲል አሁንም ውርውር ይላል። የፒካፑን ቁልፍ ከምስማሩ አወረደ።

«ቆይ እስቲ» አሉ አማትየው። እሳቸው በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆይተዋል። «ትናንት እኮ ፍጥነቱ ሌላ ነበር። ዛሬ ማርሽ ቀንሷል። ቁጭ በልና እየው።»

ቁጭ አለ። አብረው አዩ። እውነትም ዓይኑ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ያርፋል፤ ይሄዳል፣ ያርፋል። ሲያርፍ ትርፍ አንዱን ከዚያ ሌላውን ለየብቻ አያቸው፤ ጅራቱንም ስፖንጁ ላይ አንድ ጊዜ፣ እየከበደው፣ መታ። ሶፋ ሠሪው ቁልፉን መልሶ ሰቀለ። ለዶክተሯ ደውሎ ነገራት። «እኔም ይህን ነበር መስማት የፈለግኩት» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እያደር ቀለለ። ትርፍ ከእጅ መብላት ጀመረ፤ ቀጥሎ ከሳህን፤ ሳህኑን ግን ሲስት አፍንጫው ወለል ይመታ ነበር። ግድግዳ እየተደገፈ ቆመ። ከሶፋ ወደ ሶፋ እየተወላገደ መሄድ ተለማመደ። አማትየው ከውሻው አጠገብ መዋል ስላበዙ ሥራ መፍታት አልሆነላቸውም፤ ምስማር ማቀበል፣ ጨርቅ መያዝ፣ ሞላ ማሰር ጀመሩ። እየሠሩም ያወራሉ፤ በየመንገዱ የገጠማቸውን ጎርፍ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስለተወለደችው ሕፃን፣ ስለ ሟች ሚስታቸው ቀልድ። ቴሌቪዥኑ አቧራ ጠጣ።

ሚስቲቱ ወሯን ጨርሳ ስትመጣ ትርፍ በሩ ድረስ ሄዶ ተቀበላት፤ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ፣ አንድ የማይገባው ነገር እንደ ነገሩት ሰው አያት። ሻንጣዋን ለቀቀችው።

«ምን ሆኖ ነው? ለምን አልነገራችሁኝም?»

ባሏና አባቷ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም እኩል መናገር ጀመሩ፤ ስለ ጉንዳኑ፣ ስለ ጠብታው፣ ስለ ሶፋው። እሷም ማንን እንደምትቆጣ ግራ ገብቷት ቆመች። በመጨረሻ ተወችውና ጎንበስ ብላ የውሻውን ጆሮ ሳመች።

ሲመሻሽ አራቱም ወደ መንገዱ ወጡ። ትርፍ ከታመመ ጀምሮ ከግቢው ውጭ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሶፋ ሠሪው ማንጠልጠያውን ለማንኛውም ብሎ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ውሻው በእግረኛው መንገድ ጠርዝ እያሸተተ፣ አልፎ አልፎ ወደ ግራ እየሳተ፣ ራሱን እያረመ ሄደ። ሰሞኑን እንደ ሴት ውሻ ቁጢጥ ብሎ ነበር የሚሸናው፤ በሦስት እግር መቆም ስለማይችል። የስልክ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። አሸተተው። ዞሮ በወዲያ በኩልም አሸተተው።

«እንዳይሞክራት» አለች ሚስቲቱ።

«ዝም በይ፤ እያሰበበት ነው» አሉ አባቷ።

ትርፍ የኋላ እግሩን ትንሽ አነሣ። ተንገዳገደ፤ መለሰው። ሶፋ ሠሪው አንድ እርምጃ ቀረበ፤ አማቱ ክንዱን ይዘው አስቆሙት። ውሻው ደረቱን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ፣ ሦስቱን እግሮቹን አንፈራጦ ተከለና እንደገና አነሣ። በተጣመመ አንገቱ ወደ ሰማይ እያየ፣ ምሰሶውን ካራሰው በኋላም እግሩን ቶሎ አላወረደም። ሲጨርስ እንደ ወጉ መሬቱን በኋላ እግሩ ጫር ጫር አደረገና ወደሚቀጥለው ምሰሶ ጉዞውን ቀጠለ።